ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት የዱድ ማብሪያን ከማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ ስለማንሳት



በእስራኤል ከምንኖር ቤተሰቦች ብዙዎቻችን ማዕድ ቤታችንን የምናድሰው በዓል ሲቃረብ ነው። ለፋሲካ ቤቱ ይጸዳል፣ ለስግድ እንግዳ ይመጣል። በምጣድ እንፋሎት ቀለሙ የተላጠው ግድግዳ ሴራሚክ እንዲለጠፍበት ይፈለጋል። ሠራተኛ ይጠራል፣ በዋጋ ይስማሙታል፣ ሴራሚኩ ተገዝቶ በረንዳ ላይ ይደረደራል። ሥራው ሊጀመር ሲል ግን ግድግዳው ላይ አንድ ዕቃ አለ፤ ቀይ መብራት ያለው የዱድ ማብሪያና ማጥፊያ። በብዙ ቤቶች ይህ ማብሪያ የሚገኘው ከመታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ ማዕድ ቤት ውስጥ የተተከለባቸው ቤቶችም አሉ። ሴራሚክ ለጣፊው «ይህ ይነሳልኝ» ይላል። አንዳንዱም «ችግር የለም፣ ሁለት ብሎን ነው፣ እኔው አነሳዋለሁ» ብሎ መፍቻውን ያወጣል።

ይህ ጽሑፍ በጤና መጽሔት የወጣበት ምክንያት ይኸው ነው። ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በተከፈተው ግድግዳ አጠገብ የሚያድሩት ልጆቹ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ወጣቶችና ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት አያቶች ናቸው።

ማብሪያው በእርግጥ የሚቆጣጠረው ምንድን ነው?

በዚህ አገር ከ1980 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የሚሠሩ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች፣ ከረጃጅም ሕንፃዎች በቀር፣ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ እንዲኖራቸው ሕግ ያዝዛል። ጣሪያ ላይ የምናየው መስታወትና በርሜል እሱ ነው። በርሜሉን ዱድ እንለዋለን። ፀሐይ ካለ ውሃው በፀሐይ ይሞቃል። ደመና ሲሆን ወይም ክረምት ሲገባ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብረት ሥራውን ይረከባል። ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ኤሌክትሪክ ወደዚያ ብረት የሚልከው ነው።

ይህ ብረት ብዙውን ጊዜ 2,500 ዋት ይስባል። በ230 ቮልት ሲሰላ ወደ 11 አምፔር ይሆናል። አሁን በየቤታችን ካለው 10 ዋት አምፖል ጋር ብናስተያየው፣ 250 አምፖል በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። ስለዚህ በዚህ ማብሪያ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ከመኝታ ቤት መብራት ሽቦ ይወፍራል፤ በመብራት ሳጥኑ ውስጥም ብዙ ጊዜ የራሱ መስመር አለው።

አንዳንድ ሰዎች ማብሪያው ከተነሳ የውሃው ሙቀት የሚለወጥ ይመስላቸዋል። አይለወጥም። ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞስታት ያለው እዚያው በርሜሉ ዘንድ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ሰዓት ካለውም በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ብቻ ነው። በዚያው ላይ ማብሪያው ጠፍቷል ማለት ውሃው ቀዝቃዛ ነው ማለት አይደለም። በበጋ ፀሐይ ብቻውን የልጅ ቆዳ የሚያቃጥል ውሃ ያፈላል።

ቀዩ መብራት ጠፋ ማለት ኤሌክትሪኩ ሄደ ማለት አይደለም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ሰው ካለ ይህችን እንዲያስታውስ እንለምናለን።

የውሃ ቧንቧን አስቡ። ቧንቧውን ስንዘጋ ውሃው መፍሰሱን ያቆማል እንጂ ከመስመሩ ውስጥ አይጠፋም። እዚያው ተጠራቅሞ ይጠብቃል። መዝጊያውን ፈትተን ብናወጣው ውሃው ፊታችን ላይ ይፈነዳል። የዱድ ማብሪያም እንዲሁ ነው። ስናጠፋው ኤሌክትሪኩ ወደ ዱዱ መሄዱን ያቆማል፣ ቀዩ መብራትም ይጠፋል። ከመብራት ሳጥኑ እስከ ማብሪያው ድረስ የሚመጣው ሽቦ ግን እንደሞላ ነው። ማብሪያውን ከግድግዳው የሚፈታ ሰው እጁን የሚያስገባው ወደዚህ ሽቦ ነው። ውሃ ግን ሲፈስ ይታያል፣ ድምፅም አለው፤ ኤሌክትሪክ አይታይም፣ አይሸትም።

ስለዚህ መዘጋት ያለበት በመብራት ሳጥኑ ነው። በዕብራይስጥ ሉሐ ሐሽማል የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ በመግቢያው በር አጠገብ የሚገኘው ሳጥን ማለታችን ነው። በሳጥኑ ውስጥ በተርታ የቆሙት ትንንሽ ማቋረጫዎች እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ይጠብቃሉ። «ዱድ» ተብሎ የተጻፈበት ማቋረጫ ሊኖር ይችላል። ጽሑፉን ግን እንዳለ አትመኑት፤ ከእናንተ በፊት የኖረ ቤተሰብ መስመር ለዋውጦ ጽሑፉን ሳያስተካክል ሄዶ ይሆናል። በዚያ ላይ በማዕድ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው የዱዱ መስመር ብቻ አይደለም። የማቀዝቀዣው፣ የምድጃው፣ የምጣዱ ሶኬት ሽቦዎች እዚያው ያልፋሉ። በሦስት ፌዝ በሚሠሩ ቤቶችም አንዱን ማቋረጫ መዝጋት ሌሎቹን አይዘጋም። በዚህ ምክንያት ማብሪያው በሚነሳበት ሰዓት ዋናውን ማቋረጫ ዘግቶ ቤቱን በሙሉ ማጨለም ይሻላል። ለግማሽ ሰዓት ጨለማ መቀመጥ ማንንም አይጎዳም።

አሁን ደግሞ በእኛ ቤቶች ዘወትር ስለሚያጋጥም ነገር እንናገር። እንበል፣ ሠራተኛው ዋናውን ዘግቶ ማዕድ ቤት ገባ። አያት ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥኑ ጠፋባቸው። ምጣድና ዱድ አብረው ሲበሩ ኤሌክትሪኩ «እንደሚዘል» ያውቃሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ «ሲዘል ይህን ወደ ላይ ግፊው» ብለው አስተምረዋቸዋል። ስለዚህ ተነሥተው ወደ ላይ ይገፉታል። ያደረጉት ነገር ትክክል ነው፣ የተማሩትን ነው የሠሩት። ማዕድ ቤት ውስጥ ግን ሽቦ የያዘ ሰው አለ። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቤቱ ላለው ሁሉ በቃል ይነገር፤ ለአያቶች በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ ለልጆች በዕብራይስጥ። ማቋረጫው ላይ ሰፊ ፕላስተር ይለጠፍ፣ «አትንኩ፣ ሰው እየሠራ ነው» ተብሎም ይጻፍበት። ማንበብ የማይችሉ አዛውንት ስላሉ ቀይ ጨርቅ ማሰር ከጽሑፉ የበለጠ ይጠቅማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አንድ ትልቅ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ከሳጥኑ አጠገብ ወንበር ይዞ መቀመጡ ነው። ይህን ሥራ ለአያትየው ራሳቸው ስጧቸው፤ ከእሳቸው የተሻለ ጠባቂ አታገኙም።

ማን ነው የሚያነሳው?

የ1954 ዓ.ም. የእስራኤል የኤሌክትሪክ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው የኤሌክትሪክ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ሐሽማላይ ይባላል፣ ፈቃዱም ሪሺዮን። ሴራሚክ ለጣፊ በሙያው የተመሰገነ ሊሆን ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ፈቃድ ግን ሌላ ነው። ፈቃዱን አሳየኝ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። በባህላችን እንግዳ ሆኖ የገባን ሰው ወረቀት አሳየኝ ማለት ይከብደናል፣ ይህን እናውቃለን። ሐሽማላዩ ግን ጥያቄውን ለምዶታል፣ አይቀየምም።

አባቶች «እኔ በወጣትነቴ ቤት በእጄ ሠርቻለሁ፣ አንድ ማብሪያ መፍታት ያቅተኛል?» ይላሉ። እጃቸው እንደሚችል አንጠራጠርም። በኢትዮጵያ በገጠር ሲኖሩ ጭቃውን፣ እንጨቱን፣ ብረቱን የሠሩት እነሱ ናቸው፣ ሸክላውን ደግሞ እናቶቻችን። በዚህ ሥራ ግን የእጅ ብልሃት ብቻውን አይበቃም። አደጋው የማይታይ ስለሆነ በመሣሪያ መለካት አለበት፤ አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ የሽቦ ቀለም እንኳን ሊያታልል ይችላል። ባዶ ነው የተባለው ሽቦ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ የሚጎዳው ጎበዙን ሰው ነው።

በአሚዳር ወይም በአሚጉር ቤት በኪራይ የምትኖሩ ከሆነ ቤቱ የኩባንያው ስለሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኩባንያውን ጠይቁ። ከግል አከራይ የተከራየም ባለቤቱን ያስፈቅድ። ውሃችሁ የሚሞቀው በጋዝ ከሆነ ደግሞ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም፤ የጋዝ ማሞቂያን የሚነካው የጋዝ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው።

ጥሩ ሐሽማላይ በምን ይታወቃል? ምን እንደሚሠራ አውቃችሁ ቆማችሁ ብታዩ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሳጥኑን ይዘጋል። ከዚያ በመለኪያው ሦስት ጊዜ ይለካል። በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ላይ ሞክሮ መለኪያው እንደሚሠራ ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ የዱዱን ሽቦዎች ይለካል፤ በመጨረሻም ወደሚታወቀው ቦታ ተመልሶ መለኪያው መሐል ላይ እንዳልተበላሸ ያያል። በገበያ በጥቂት ሸቀል የሚሸጠው፣ ሲነካ የሚያበራው መፍቻ ለዚህ አይታመንም። በፀሐይ ብርሃን መብራቱ አይታይም፤ ባይበራም ሽቦው ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሐሽማላዩ ሽቦዎቹን ከመፍታቱ በፊት ፎቶ ያነሳል ወይም ምልክት ያደርጋል፤ ሲመልስ እንዳይምታታበት ነው። ማብሪያውንም ያገላብጥና ያያል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ሽቦው ላልቶ ሲሞቅ ኖሯል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ማብሪያ አይመለስም፣ አዲስ ይገዛል። ይህ በመገኘቱ ደስ ይበላችሁ፣ ቤቱ ከእሳት ተርፏል።

«ፓሐት አለን፣ ምን እንሆናለን?»

ይህን ብዙ ሰው ይላል። ፓሐት በሳጥኑ ውስጥ የሚገኝ፣ መሞከሪያ ቁልፍ ያለበት ማቋረጫ ነው። ሥራው የሄደውንና የተመለሰውን ኤሌክትሪክ ማስተያየት ነው። ከሄደው 0.03 አምፔር ያህል ሳይመለስ ከቀረ፣ በሰው ሰውነት በኩል ወደ መሬት ወርዶ ይሆናል ብሎ በቅጽበት ይቆርጣል። የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ ዕቃ ነው፤ የሌለው ቤት ቢያስገባ እንመክራለን፣ ያለውም ቁልፉን በየወሩ እየተጫነ ይሞክረው። ሲጫኑት ካልቆረጠ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ሰው ሁለቱን የዱድ ሽቦዎች በሁለት እጁ ቢይዝና ከመሬት ጋር ባይገናኝ፣ የሄደው ሁሉ በሰውየው በኩል አልፎ ይመለሳል። ለፓሐቱ የጎደለ ነገር የለም። ልክ እንደ አምፖል ይቆጥረዋል፣ አይቆርጥም። ስለዚህ ፓሐት ሳጥኑን መዝጋትን አይተካም።

ግድግዳው ክፍት ሆኖ የሚቆይባቸው ቀናት

ማብሪያው በሰላም ተነሳ እንበል። ብዙ ሰው አደጋው አለፈ ብሎ የሚያስበው እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ለቤተሰቡ የከፋው ጊዜ አሁን ይጀምራል። አሮጌው ሴራሚክ ይፈነቀላል፣ ማጣበቂያ ይቀባል፣ አዲሱ ይለጠፋል፣ እስኪደርቅ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠበቃል፣ ከዚያ ክፍተቱ ይሞላል። ሦስት ወይም አራት ቀን ይሄዳል። በእነዚህ ቀናት ግድግዳው ላይ በልጅ እጅ ልክ የሆነ ቀዳዳ አለ፣ ሽቦም ወጥቶበታል። ማጣበቂያው እርጥብ ነው፣ ወለሉም እርጥብ ነው፣ ሠራተኛው በባልዲ ውሃ ይዞ ይመላለሳል። እርጥብ እጅ ደግሞ ከደረቅ እጅ ይልቅ ኤሌክትሪክን ያሳልፋል።

ሽቦዎቹን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ መተው አይበቃም። በእርጥበትና በአቧራ ፕላስተሩ ይላቀቃል። ሐሽማላዩ የእያንዳንዱን ሽቦ ጫፍ ለየብቻው በፕላስቲክ ማያያዣ ይሸፍነው፣ ወደ ሳጥኑ ውስጥ ያጥፈው፣ በላዩም ቀዳዳ የሌለው ክዳን በብሎን ይሰርበት። ከሁሉ የሚሻለውን ደግሞ እናንተው ጠይቁት፤ የዱዱን መስመር ከመብራት ሳጥኑ ውስጥ ራሱን ፈትቶ እንዲለየው። ያን ጊዜ ማንም ሰው በስሕተት ማቋረጫውን ቢያነሳ እንኳን ኤሌክትሪክ ወደ ግድግዳው አይመጣም። ለእሱ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ለእናንተ ግን የሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነው።

ማዕድ ቤቱ ፈርሶ ሳለ እንጀራ መጋገር ያስፈልግ ይሆናል። ምጣዱ ሌላ ክፍል ይሰካ። «ይህ መስመር ወፍራም ነው፣ ምጣዱን ይችላል» ብሎ ከተከፈተው የዱድ ሽቦ ላይ ሶኬት መቀጠል በፍጹም አይደረግ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊጥ፣ ውሃና እንፋሎት ያለበት ዕቃ ነው፤ ጊዜያዊ ቅጥያ አይገባውም።

ቧንቧ ሠሪ በዚያው ሰሞን ዱዱን የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ውሃው እስኪሞላ ድረስ ተዘግቶ ይቆይ። ውሃ በሌለው በርሜል ውስጥ የበራ ብረት ይቃጠላል።

ሥራውን መቼ እንጀምር?

ሐሙስ ወይም ዓርብ አትጀምሩ። ዓርብ ቀን ሁሉም ይቸኩላል። ሠራተኛው ሰንበት ከመግባቱ በፊት ቤቱ መድረስ አለበት፣ እናቶች ዳቦውንና ወጡን ማድረስ አለባቸው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀድመው ይመጣሉ። በዚህ ጥድፊያ «እሑድ እጨርሰዋለሁ» ተብሎ የተተወ ሽቦ ሰንበቱን በሙሉ ክፍት ይሆናል፤ ቤቱ በልጅ ልጆች የሚሞላውም ያን ቀን ነው። እሑድ ጠዋት ቢጀመር እስከ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ማብሪያው ቦታው ሊመለስ ይችላል፣ የሰንበት ሰዓቱም ዓርብ ሳይደርስ ይስተካከላል።

ከወሮችም ይመረጣል። ከሻቩዖት በኋላ እስከ ሱኮት ባለው ጊዜ ፀሐይ ብቻዋን ውሃውን ስለምታሞቅ፣ ማብሪያው ሳምንት ሙሉ ባይኖርም ቤተሰቡ ሙቅ ውሃ አያጣም። በክረምት ግን ሕፃን ወይም የታመመ ሽማግሌ ባለበት ቤት ሙቅ ውሃ አለመኖሩ ራሱ የጤና ችግር ነው፤ ሰዎችም ስለቸኮሉ «ቶሎ ቀጥልልን» እያሉ ሠራተኛውን ወደ ስሕተት ይገፉታል።

ማብሪያው ሲመለስ

አዲሱ ሴራሚክ ከነማጣበቂያው ግድግዳውን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያወፍረው ይችላል። የማብሪያው ሳጥን ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀርና የቀድሞው ብሎን ያጥራል። አንዳንዱ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ማብሪያውን በሲሊኮን ይለጥፈዋል። አትቀበሉ። ረዘም ያለ ብሎንና የሳጥን ማራዘሚያ አለ፣ ርካሽ ነው። ማብሪያው ከውሃ መውረጃው ወይም ከምድጃው በጣም ቀርቦ ከነበረም ለማዛወር ጊዜው ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ ማንም አይሰብረውም። ሲዛወር የድሮው ሳጥን ሽቦ በውስጡ እንዳለ በሴራሚክ መሸፈን የለበትም። ከዓመታት በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል የሚበሳ ሰው ያገኘዋል። ግድግዳው ክፍት እያለ ፎቶ አንሡ፣ ሽቦው ከወለሉና ከማዕዘኑ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚርቅ ጽፋችሁ ከቤቱ ወረቀቶች ጋር አስቀምጡ።

ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ

አትንኩት። ልጃችሁም ቢሆን አትንኩት፤ የያዘው ኤሌክትሪክ እናንተንም ይይዛል፣ ከዚያ የሚረዳ ሰው አይኖርም። ሮጣችሁ ዋናውን ማቋረጫ ዝጉ። ሳጥኑ ሩቅ ከሆነ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ከሽቦው አላቅቁት፤ በብረት ወይም በእርጥብ ነገር አይሁን። ከዚያ ወደ ማገን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ። ዕብራይስጥ የሚቸግረው ሰው አንድ ቃል ይያዝ፤ ለወንድ «ሂትሐሽሜል»፣ ለሴት «ሂትሐሽሜላ»፣ በኤሌክትሪክ ተይዟል፣ ተይዛለች ማለት ነው። ቀጥሎ ከተማውን፣ መንገዱንና የቤቱን ቁጥር ይናገር። የማይተነፍስ ከሆነ «ሎ ኖሼም» ይበል። ስልኩንም አይዝጋ፣ የሚሉትን ያድርግ። ለአዋቂ ሰው ሁለት እጅ ደራርቦ የደረቱን መሐል ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች መጫን፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ ሳያቋርጡ ነው።

የተቃጠለ ቆዳ ካለ፣ ኤሌክትሪኩ ከተቆረጠ በኋላ፣ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀዝቅዝ። ቅቤ፣ ዘይት፣ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ። የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ከውጭ የጣት ጥፍር ያህል ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለውን ሥጋ በጥልቀት ሊያቃጥል ይችላል፤ ትንሽ ናት ተብሎ አይታለፍ።

ሰውየው ተነሥቶ «ደህና ነኝ፣ ውሃ ስጡኝ» ሊል ይችላል። ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ልቡ ከመታችበት፣ ደረቱን ካመመው፣ ቃጠሎ ካለበት፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ የልብ ሕመም ካለበት ወይም ልጅ ከሆነ በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ኤሌክትሪክ የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ሐኪሞቹ የልብ ምርመራ ያደርጉለታል። አብሮት የሚሄደው ሰው በየትኛው እጁ እንደነካ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደያዘው፣ ወድቆ ራሱን መቶ እንደሆነና ዘወትር የሚወስደው መድኃኒት ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገር። የመድኃኒቱን ስም የማያውቅ ባዶውን ሣጥን ይዞ ይሂድ።